ዐይን፣ ዕድሜና ገበታ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ምግብ ልናገር ብሎ ሲነሣ ያስገርማችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዐይን ከሥራ መሣሪያዎቻችን ሁሉ የሚቀድም፣ ከጥቂት ክፍሎቹ በቀርም መለዋወጫ የሌለው በመሆኑ፣ ጉዳዩ ከሙያችን የራቀ አይመስለኝም።

ብርሃን በብሌንና በሌንስ አልፎ ከዐይን ጀርባ በተነጠፈው ሬቲና ላይ ያርፋል። የሬቲናው እምብርት ማኩላ ይባላል፤ በፕላን ላይ የተጻፈውን ቁጥር የምናነበው፣ የሰውን ፊት የምንለየው በእርሱ ነው። በዚህ ስፍራ ሉቲንና ዚያዛንቲን የተባሉ ቢጫ ቀለሞች ተከማችተው ሰማያዊውን ብርሃን በከፊል ያጣራሉ። ሰውነታችን እነዚህን ቀለሞች ራሱ አያመርታቸውም፤ የሚያገኛቸው ከምግብ ነው። ጎመን በሉቲን የበለጸገ ሲሆን የእንቁላል አስኳልና ቢጫ በቆሎም ድርሻ አላቸው። ቀለሞቹ የሚሟሙት በቅባት ስለሆነ፣ ጎመኑን በዘይት የሚያቁላሉት እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ትክክለኛውን ሠርተዋል። እኛ ግን ደመወዛችን ከፍ ባለ ቁጥር ጎመኑን ከገበታችን እያራቅን ሄደናል።

በእንክብል መተካት ይቻላልን? የአሜሪካ ብሔራዊ የዐይን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ማኩላቸው አስቀድሞ መጎዳት የጀመረ ሰዎች ቫይታሚን ሲና ኢ፣ ቤታ ካሮቲንና ዚንክ በከፍተኛ መጠን ሲወስዱ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ከባዱ ደረጃ የመድረስ ዕድላቸው በ25 በመቶ ያህል ቀንሷል። ጤነኛውን ሰው ግን ከበሽታው ሲጠብቅ አልታየም፤ የሞራ ግርዶሽንም አላገደም። ቤታ ካሮቲን በሲጋራ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰርን አደጋ ስለሚጨምር፣ በ2013 ከታተመው ሁለተኛ ጥናት በኋላ በ10 ሚሊግራም ሉቲንና በ2 ሚሊግራም ዚያዛንቲን ተተክቷል። እንግዲህ ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው ጠርሙስ ሁሉ ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም።

መለዋወጫ አላቸው ካልኋቸው ክፍሎች አንዱ ሌንሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከዐይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከሞራ ግርዶሽ ነበር። የደፈረሰን ሌንስ ጎመንም ሆነ ካሮት መልሶ አያጠራውም፤ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካበታል። ሆኖም ስንት አረጋውያን «እርጅና ነው» ተብለው፣ የካሮት ጭማቂ እየተሰጣቸው፣ በቤት ጥግ ተቀምጠዋል!

የስኳር ሕመምተኛው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ከመጠን ያለፈ ስኳር የሬቲናን ደቃቅ የደም ሥሮች ይጎዳል። ጉዳቱም ዕይታ ሳይቀንስ ብዙ ስለሚራመድ፣ ምግቡን ከመቈጣጠር ጋር ሬቲናውን በየዓመቱ ማስመርመር ይኖርበታል።