ትንሺቱ ብር ከየት ተገኘች?

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ስለ ጥንታዊት ሮም ትናንሽ የብር ገንዘቦችና እነርሱን ስለ መሰብሰብ ነው። «የሮም ገንዘብ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋምና፣ መልሱን ከመስጠቴ በፊት ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ወጣት ሳለሁ ለመንግሥት ሥራ ወደ ሐይቅ ተመድቤ ነበር። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ስሟን በሰጣት ውሃ አጠገብ የምትገኝ ከተማ መሆኗን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በአንድ የገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ ባላገር ለግብር ጉዳይ ወደ ቢሮ መጡ። ጉዳያቸው ከተፈጸመ በኋላ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንዲት ቀጭንና ጥቁር ገንዘብ በጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህና ንገረኝ፤ ይህ የማን ብር ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም አላወቅሁም። «አባቴ፣ ለእኔ ይሽጡልኝና ሊቅ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኋቸው። አንጥረኛው ለክብደቷ ከሚሰጣቸው ጥቂት ጨምሬ ከፈልሁ። እርሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ።

በዚያው ማታ ብሪቱን በአመድና በሎሚ አሸሁ። ጥቁረቷ ሁሉ ለቅቆ እንደ መስተዋት እስክታበራ ድረስ አሸሁ፤ ባማረችም ጊዜ ደስ አለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ የጥንት ገንዘብ ለሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሳየኋቸው። በአጉሊ መነጽር እያገላበጡ ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። የሰው ራስ የሚመስል ጥላ ከመታየቱ በቀር ፊደሉም ምልክቱም ተፍቆ ጠፍቷልና የሮም ትሁን የአክሱም፣ ወይም ሌላ፣ ለመለየት አልተቻለም። በመጨረሻ «ከየት ተገኘች?» አሉኝ። ዝም አልሁ። «እንግዲህ ልጄ፣ ግማሹን ነገሯን በሎሚ አጥበህ አጥፍተሃል፤ ግማሹን ደግሞ ሳትጠይቅ ትተኸው መጥተሃል» ብለው መለሱልኝ።

ወደ ሐይቅ ተመልሼ ባለቤቷን ፈለግሁ። ነገር ግን ስማቸውንም ሆነ አገራቸውን አልጻፍሁም ነበር። ሙያዬ መጻፍ ሆኖ ሳለ፣ የአንድ ኩንታል እህል ገቢና ወጪ ሳይቀር በመዝገብ የማሰፍር ሰው ሆኜ ሳለ፣ ያቺን አንዲት ቃል አለመጻፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኔ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ነው ስለ ሮም የብር ገንዘብ ማንበብ የጀመርሁት። ሮማውያን ዴናሪዩስ የተባለውን የብር ገንዘብ ማውጣት የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ዓመት ገደማ፣ ከካርታጎው የጦር አለቃ ከሐኒባል ጋር በሚዋጉበት ዘመን ነው። የስሙ ትርጓሜ ዐሥር የያዘ እንደ ማለት ነው፤ በመጀመሪያ በዐሥር የነሐስ ገንዘብ ይመነዘር ነበርና። ከእርሱም ጋር ግማሹ ኲናሪዩስ፣ አራተኛውም ሴስቴርቲዩስ አብረው ወጡ። ይኸውም በእኛ አገር ዳግማዊ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ባሳተሙት ገንዘብ፣ ብር በአላድና በሩብ እንደ ተከፈለው ዓይነት ነው። ዋጋቸውም በፊታቸው ላይ በሮማውያን ቁጥር ተመልክቶ ነበር፤ በዴናሪዩሱ 10፣ በኲናሪዩሱ 5፣ በሴስቴርቲዩሱ 2 ተኩል።

ዴናሪዩስ ወደ 4 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ኲናሪዩስ የዚያ እኩሌታ ነው፤ የብሯ ሴስቴርቲዩስ ግን ከአንድ ግራም ጥቂት ብቻ የምትበልጥ፣ ስፋቷም 12 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች፣ ከእጅ ብትወድቅ በሣር ውስጥ የማትገኝ ናት። ዴናሪዩስ በብዛት ስለ ወጣ ዛሬም በየአገሩ ይገኛል። ሁለቱ ትናንሾች ግን በየጊዜው ይቋረጡ ነበር። ኲናሪዩስ ለብዙ ዘመን ቀርቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ100 ዓመት ገደማ እንደ ገና ወጣ፤ ሴስቴርቲዩስም ከአውግስጦስ ዘመን ጀምሮ በናስ መሠራት ጀመረ። ስለዚህ የብሯን ሴስቴርቲዩስ ማግኘት ለሰብሳቢዎች ብርቅ ነገር ነው።

አሁን «ለእኛ ምናችን ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ልመለስ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ዲናር» እየተባለ የሚጠራው ይኸው ዴናሪዩስ ነው። ለወይኑ አትክልት ሠራተኞች የተቈረጠው የቀን ደመወዝ አንድ ዲናር ነበር። ለቄሣር ግብር መክፈል ይገባ እንደ ሆነ ፈሪሳውያን በጠየቁ ጊዜ የቀረበውም ዲናር ነው፤ ሊቃውንት የጢባርዮስ ቄሣር መልክ ያለበት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የታወቀው፣ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው አራቱ ወንጌል ይህንኑ ታሪክ ይዟል። እኔ ደግሞ ከዚያ ገዳም አጠገብ ተቀምጬ፣ ታሪኩም በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ እየሰማሁ፣ ዲናር በእጅ የሚያዝ፣ በሚዛን የሚመዘን ነገር መሆኑን አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም ነበር።

ነገሩ በመጽሐፍ ብቻ አይቀርም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት አንድ ስሙን ያልገለጠ ነጋዴ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ንግድ በግሪክኛ ሲጽፍ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል በዚያ ለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዴናሪዩስ እንዳለ ቈጥሮታል። በመጠራም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት በተደረገ ቁፋሮ፣ በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ ከወርቅ መስቀሎችና ከሰንሰለቶች ጋር 14 የሮም የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል። ገንዘቦቹ በአንገት እንዲንጠለጠሉ ማንጠልጠያ ተበጅቶላቸው ነበር። እናቶቻችን የማርትሬዛን ብር በአንገታቸው ያደረጉት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው፤ ልማዱ ግን ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ ሌላ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ፤ በተለይ ደመወዝተኛ ለሆንን ሰዎች። በአውግስጦስ ዘመን ዴናሪዩስ ንጹሕ ብር ነበር ማለት ይቻላል። ኔሮን በ64 ዓመተ እግዚእ ክብደቱንም ጥራቱንም ቀነሰ። በሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ዘመን የብሩ መጠን ወደ እኩሌታ ወረደ። በሦስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ግን «ብር» የሚባለው የሮም ገንዘብ በላዩ ቀጭን ብር የተቀባ መዳብ ሆኖ ቀረ። መንግሥቱ ለወታደሩ የሚከፍለው ቢያጣ በብሩ ውስጥ መዳብ ጨመረ፤ ነጋዴውም ይህን ባወቀ ጊዜ ዋጋ ጨመረ። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ የወርቅና የብር ገንዘብ አሠራ። ከእርሱም በኋላ በዋዜባ ገንዘብ ላይ ጽሕፈቱ በግዕዝ ሆነ፤ በዒዛናም ገንዘብ ላይ የጨረቃው ምልክት ተነሥቶ መስቀል ገባ። እንግዲህ የሮምን ብር ሳያውቁ የአክሱምን ብር በሚገባ ማወቅ አይቻልም፤ ሁለቱ በአንድ ገበያ ይተዋወቁ ነበርና።

ከእናንተ መካከል የጥንት ገንዘብ በእጁ ያለ፣ ወይም ወደ ፊት የሚያጋጥመው ይኖራል ብዬ ስለማስብ፣ ከጥፋቴ የተማርሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ አትጠቡት። ጥቁረቱ እድፍ አይደለም፤ ብሩ ከብዙ ዘመን ጋር ሆኖ ያበጀው ልብስ ነው። ሎሚና አመድ ልብሱን ሲገፉ ከሥሩ ያለውን ፊደል አብረው ይወስዳሉ።

ሁለተኛ፣ መዝኑት፤ ለኩትም። ባለ ግራም ሚዛን ያለው የወርቅ ነጋዴ ጎረቤት አይታጣም። 4 ግራም የሚጠጋው ዴናሪዩስ፣ 2 ግራም የሚጠጋው ኲናሪዩስ ሊሆን ይችላል። ክብደቱ ከሚገባው ብዙ ቢለይ ግን ጥርጣሬ ይግባችሁ።

ሦስተኛ፣ ጠርዙን ተመልከቱ። የጥንቱ ገንዘብ በሁለት የተቀረጹ ብረቶች መካከል ተቀምጦ በመዶሻ የተመታ ነው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ግን ብዙ ጊዜ ተመሳስሎ የተሠራ ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል። ማታለል የዛሬ ፈጠራ አለመሆኑንም ዕወቁ። በሮማውያን ዘመን እንኳ መዳብን በብር ቅጠል ለብጠው የሚያወጡ ነበሩ። ስለዚህ ገንዘብ ለዋጮች ውስጡን ለማየት በትንሽ መብሻ ይወጉት ነበርና፣ በአንዳንዱ ዴናሪዩስ ላይ ያ ጠባሳ ዛሬም ይገኛል።

አራተኛ፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ የተገኘበትን ቦታ ጻፉ። በማን እርሻ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደ ተገኘ ወዲያውኑ በወረቀት አስፍሩ። እናንተ የመዝገብ ቤት ሰዎች ናችሁ፤ ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ምን ይጠቅማል? ማን ለማን እንደ ጻፈው ካልታወቀ ወረቀት ብቻ ነው። ቦታው ያልታወቀ ገንዘብም እንደዚሁ ብር ብቻ ነው። በየመን አል ማድሃሪባ በተባለ ስፍራ 868 የሮምና 326 የአክሱም የወርቅ ገንዘቦች አንድ ላይ ተቀብረው ተገኝተዋል። እያንዳንዳቸው ለየብቻ በየገበያው ቢገኙ ኖሮ ወርቅ ብቻ በሆኑ ነበር። አንድ ላይ በአንድ ቦታ ስለ ተገኙ ግን የአክሱምና የሮም ወርቅ ከባሕር ማዶ ጎን ለጎን መገበያያ እንደ ነበረ መሰከሩ።

አምስተኛው ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መቈፈርም ሆነ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ይገባዋል። «እንግዲያ መሰብሰብ ቀረ ማለት ነውን?» ትሉኝ ይሆናል። አልቀረም። የአያቶቻችሁን አላድና ገርሽ በየቤታችሁ ከነታሪካቸው ልትሰበስቡ ትችላላችሁ፤ ያቺ የምኒልክ የብር ገርሽ ራሷ ከአንድ ግራም ተኩል የማትበልጥ፣ የሮሟ ሴስቴርቲዩስ እኅት የምትመስል ናት። የአክሱምን ገንዘብም በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ሄዳችሁ ልትመለከቱ፣ ልጆቻችሁንም ልታሳዩ ትችላላችሁ። ከመሬት የወጣውን ግን ለአገር ተዉት።

የጥንት ገንዘብን ማክበር የሥራ ፈቶች ጨዋታ አይምሰላችሁ። ራሱ አውግስጦስ ቄሣር ለበዓል ስጦታ ከሚሰጣቸው ነገሮች መካከል የጥንት ነገሥታትና የውጭ አገር ገንዘቦች እንደ ነበሩበት ታሪኩን የጻፈው ስዌቶኒዩስ ይነግረናል።

ንግግሬን ለመፈጸም፣ በወንጌል ከዐሥር ድሪሞቿ አንዲቱ የጠፋችባትን ሴት አስታውሱ። ዘጠኝ በእጇ እያሉ ስለ አንዲቱ መብራት አብርታ ቤቷን ጠረገች። እኔ በሐይቅ ቢሮዬ በራሴ ጠረጴዛ ላይ የነበረችውን አንዲቱን በሎሚ አጠፋኋት። ዛሬም በአንድ ትንሽ ፖስታ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ታበራለች፤ ምንም አትናገርም። በፖስታው ላይ ልጽፍ የምችለው «ሐይቅ» የሚለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ነገ አንድ ሽማግሌ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው «ልጄ፣ ይህ የማን ብር ነው?» ቢሏችሁ፣ ለዋጋው አትቸኩሉ። ወንበር ስጧቸውና «አባቴ፣ ከየት አገኙት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም ብዕራችሁን አንሡ።