ጨረቃና ጥንቸል

የዛሬው ርዕስ ስለ ጨረቃ በተለያዩ ሕዝቦች ዘንድ የሚነገሩ ተረቶች ነው። እኔ ግን ብዙ ዓመት የደከምኩት በጥንቸል ተረት ላይ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

በሙሉ ጨረቃ ፊት ላይ የሚታየው ጥቁር ጥላ አብዛኛው ከ3 ቢሊዮን ዓመት በፊት ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ነው። ጨረቃ አንዱን ፊቷን ብቻ ስለምታሳየን ሕንዱም፣ ቻይናውም፣ ሜክሲኮውም ያየው ያንኑ ጥላ ነው፤ ሁሉም ጥንቸል አዩበት። ይህ ብዙ አይደንቀኝም። የሚደንቀኝ በየአገሩ ለጥንቸል የተሰጠው ዕጣ ነው።

በደቡብ አፍሪካ፣ ከሳን ወገን በሆነው በካም ሕዝብ ተረት፣ ጥንቸል በመጀመሪያ ሰው ነበር። እናቱ ሞታበት ሲያለቅስ ጨረቃ አየችው። አታልቅስ፣ እናትህ ጨርሳ አልሞተችም፤ እኔ ሞቼ እንደምመለስ እርሷም ትመለሳለች አለችው። ልጁ አላመናትም፤ እናቴ በእውነት ሞታለች ብሎ ማልቀሱን ቀጠለ። ጨረቃ ተቆጥታ አፉን በቡጢ መታችው። የጥንቸል ከንፈር የተሰነጠቀው ያኔ ነው፤ ሰውም ሞቶ እንዳይመለስ የተረገመው ያኔ ነው።

ብዙዎች ይህን ተረት «የሞት አመጣጥ» በሚል ርዕስ ሥር አስቀምጠውት ያልፋሉ። እኔ ግን አላልፈውም። እስቲ ለቅሶ ቤት የተቀመጣችሁ ፍረዱኝ፤ እናቱን ያጣ ልጅ «ትመለሳለች» ሲሉት እንዴት ብሎ ይመን? ይህ ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ሐዘኑ እውነተኛ ነው። ጨረቃም ክፉ አልነበረችም፤ ልታጽናና መጥታ ነው ትዕግሥቷ ያለቀው። ሞት ከክፋት ሳይሆን መጽናናትን እንቢ ካለ ሐዘን መጣ የሚል ተረት ከዚህ ሌላ አላነበብኩም።

ተራኪው ዲያክዋይን ይባላል፤ ከአባቱ የሰማው ነው። እንደ እርሱ ያሉ የካም ሰዎች ወደ ኬፕ ታውን የመጡት እስረኛ ሆነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ጀርመናዊው የቋንቋ ምሁር ዊልሄልም ብሌክና የሚስቱ እህት ሉሲ ሎይድ ቤታቸው አስቀምጠው ቃላቸውን ከ10,000 ገጽ በላይ ጻፉ። ብሌክ በ1875 ሲሞት ሎይድ ቀጠለች፤ የተመረጡት ተረቶች መጽሐፍ ሆነው የወጡት በ1911 ነው። ካቦ የተባለው ሽማግሌ የእስር ጊዜው ካለቀ በኋላም በፈቃዱ ቆየ፤ የሕዝቡ ተረት በመጽሐፍ እንደሚታወቅ ሲያስብ ደስ ይለው ነበር። ዛሬ የካም ቋንቋ አፍ የፈታበት ሰው የለውም፤ ሆኖም ከ2000 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የመንግሥት አርማ ላይ ያለው መፈክር የተጻፈው በእርሱ ነው። ተማሪዎቼን «የተራኪውን ስም ጻፉ» እያልኩ የማስቸግረው ለዚህ ነው።

ሰዓቱ ሄዷል፤ ቃል የገባሁላችሁን የሌሎች ሕዝቦች ተረት ባጭሩ ላድርስ። በሕንድ የቡድሃ ተረት ጥንቸል ለተራበ እንግዳ ምግብ ልትሆን እሳት ውስጥ ትገባለች፤ እሳቱ አያቃጥላትም፤ የአማልክት ንጉሥ የነበረው እንግዳም መልኳን ጨረቃ ላይ ይሥላል። በቻይና ከጨረቃዋ አምላክ ከቻንግኧ ጋር ሆና የዘላለም ሕይወት መድኃኒት ትወቅጣለች፤ በ2013 ጨረቃ ላይ ያረፈችው የቻይና ተሽከርካሪ ስሟን ያገኘችው ከዚህችው ጥንቸል ነው። በጃፓን የምትወቅጠው የሩዝ ሊጥ ነው። በሜክሲኮ፣ ሳሃጉን የተባለው መነኩሴ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስጻፈው፣ ጨረቃ እንደ ፀሐይ እኩል ስላበራች አማልክቱ ብርሃኗን ለማደብዘዝ ጥንቸል ፊቷ ላይ ወረወሩባት። የቀረውን በጥያቄያችሁ እንቀጥላለን።