ከቆቦ እስከ አሸንጌ በእግር

(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር፤ ለመጽሔቱ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የቀረበ)



ኮሚቴው «ስለዚያ የእግር ጉዟችሁ ትንሽ አጫውተን» ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1980 ዓ.ም. ከአለማያ አብረን የወጣን አራት ሰዎች፣ ጥር 2006 ዓ.ም. ላይ ሻንጣችንን በጀርባችን አዝለን፣ ድንኳን ይዘን፣ ከቆቦ አሸንጌ ሐይቅ ድረስ በአራት ቀን በእግር ሄድን። አንዱ የደን ባለሙያ ነው። ሁለተኛው ዕድሜውን በመስኖ ሥራ የጨረሰ መሐንዲስ ነው። ሦስተኛው ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል፤ ድንኳኑንም የገዛልን እሱ ነው። እኔ እንደምታውቁኝ የማሽላ ሰው ነኝ፤ የቆቦም ልጅ ነኝ። ስማችንን አትጥራ ብለውኛል። አሁን እየሳቁ ያሉትን ካያችሁ ግን እነሱ ናቸው።

ፈረንጅ ሻንጣ አዝሎ ሲሄድ ማንንም አይገርምም። ጸጉሩ የሸበተ ሐበሻ ሲሄድ ግን ጉድ ነው። በቀን አሥር ጊዜ «መኪናችሁ ተበላሽቶ ነው?» ተብለናል። ዋጃ አጠገብ አንዲት እናት ከላይ እስከ ታች አዩንና «ልጆቼ፣ ስለት ነው?» አሉን። ነጋዴው ቀልጠፍ ብሎ «አዎ እማማ፣ ስለት ነው» አላቸው። «ይስመርላችሁ» ብለው መረቁን። በኛ አገር ሰው ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄደው ወይ ሲቸግረው ወይ ሲሳል ነው፤ ሦስተኛ ምክንያት ገና አልተፈጠረለትም።

አገሩን ለማታውቁት፣ ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ወልዲያን ወደ 50 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ነው። በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ ከዞብል ባሻገር አፋር ነው። መካከሉ ሜዳ ነው፣ ያውም ዓይን የማይጨርሰው። ከደጋው የሚወርዱት እነ ጎሊናና ሆርማት ክረምት ላይ ድንጋይ እያንከባለሉ ይመጣሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኛው ውኃ አሸዋው ውስጥ ይሰወራል። የጎሊናን ደረቅ ሸንተረር ስንሻገር መሐንዲሱ በእግሩ መታ መታ አድርጎ «እዚህ ነው ያለው፤ ከጫማችሁ በታች» አለ። እውነቱን ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ጉድጓዶች በሙሉ የተቆፈሩት ይህን የተሰወረ ውኃ ተከትለው ነው።

ዝናቡ በዓመት ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም በበልግና በክረምት ተከፍሎ። ይህ በራሱ መጥፎ ቁጥር አልነበረም፤ ችግሩ ቀን አያከብርም። ስለዚህ የራያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚታመነው በጎርፍ ጠለፋ ነው። ደጋው ላይ ሲያጉረመርም ሌሊትም ቢሆን አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ የተሠራችውን ክተር ያስተካክላል፤ ጎርፉ ሲመጣ ከወንዙ ነጥሎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። የሱ ማሳ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ሌላ ሰው አገር በዘነበ ዝናብ ያርሳል። ተራው የማን እንደሆነ፣ ማን ስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ፣ ክተሩን ያልጠገነ ምን እንደሚቀጣ ሁሉ ሕግ አለው። እኛ በአራት ዓመት ትምህርታችን ስለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ አልተማርንም፤ ምናልባት አሁን ገብቶ ይሆናል።

በጥር ማሽላው ታጭዶ አልቋል። ማሳው ላይ የአገዳ ክምርና ወፍ ጠባቂ የወጣባቸው ማማዎች ብቻ ቀርተዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬ ነው። ደጋሊትና ጅጉርቴ የሚባሉት የአገሩ ማሽላዎች ረጅም ጊዜ የሚፈልጉ ናቸው፤ በልግ ሲቀር እነሱም አብረው ይቀራሉ። በዚያ ላይ አቀንጭራ አለ። አበባዋ የሚያምር፣ ሥሯ የማሽላውን ሥር የምትጠባ ተክል ናት። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚለቀውን ኬሚካል ሲያሸት ነው። የኛው የአለማያ ምሩቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የደረሱበት አንዱ ትልቅ ነገር ያንን ምልክት እምብዛም የማይለቅ ማሽላ ማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሸለሙት በድርቅና በአቀንጭራ ላይ በሠሩት ሥራ ነው። አቀንጭራን ከሚቋቋሙት ዝርያዎች ሁለቱ «ጎብዬ»ና «ሆርማት» ይባላሉ፤ ሁለቱም የቆቦ አገር ስሞች ናቸው። አንድ ገበሬ ይህን ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝና «ፍሬው ደግ ነው፤ አገዳው አጭር ነው። ከብቴ ምን ይብላ? ቤቴን በምን ልክደን?» አለኝ። ደን ባለሙያው ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። እኔ ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ከዋጃ ወዲህ አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ድንኳናችንን ተከልን። «ቤት እያለ በጨርቅ ውስጥ?» ብለው ተቆጡ፤ በመጨረሻ ድንኳኑ ለሻንጣዎቹ ሆነና እኛ ቤት ውስጥ አደርን። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ጀባ ስንባባል፣ መሐንዲሱ ግቢው ውስጥ ያየውን የእጅ ጉድጓድ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ተነሥተው ከግድግዳ ላይ አንድ የቃጫ ገመድ አወረዱ። ገመዱ ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ መስከረም ላይ ክረምቱ ሲወጣና ሰኔ ላይ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ድንጋይ አስረው ጉድጓዱ ውስጥ ይለቁታል፤ ውኃው በሚነካበት ላይ ይቋጥሩታል። የመስከረሙ ቋጠሮ ነጠላ ነው፤ የሰኔው ድርብ ነው። አባታቸው የጀመሩት ነው። የቀደመው ቋጠሮ ዘጠኝ ክንድ ላይ ነበር፤ የኋለኛው ደግሞ አሥራ አራት ክንድ ላይ።

መሐንዲሱ ያን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አላወራም። ከዚያ ማስታወሻውን አውጥቶ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ለካ፤ ሽማግሌው ዓመቱን ይነግሩታል፣ እሱ ይጽፋል። «ይኼኛው ጎርፉ የበዛበት ነው»፤ «ይኼኛው ልጄን የዳርኩበት ነው»፤ «ይኼኛውን አላስታውስም፤ ታምሜ ነበር፤ ሚስቴ ናት የለካችው»። እኩለ ሌሊት ሆነ።

ሁለተኛው ቀን ሙቀትና አቧራ ነው። አላማጣ ገባን፣ ሻይ ጠጣን፣ የነጋዴው ጫማ ተቀደደ፣ ተሰፋ። አለቀ።

ሦስተኛው ቀን ግራት ካሕሱ ነው። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣው መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ነው፤ መኪና ላይ ሆኖ ያየው ሰው ጠመዝማዛውን አይረሳም። እኛ አቋራጩን ይዘን ወጣን፤ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ በአንድ ቀን። ከታች ግራርና ቁልቋል ነው፤ ከፍ ሲባል ክትክታና አጋም፤ ከዚያ ወይራና ጥድ። ይህ ጫካ ከሁጉምብርዳ ጋር አንድ ላይ ተቆጥሮ ከአገሪቱ ቅድሚያ ጥበቃ ከተሰጣቸው ደኖች አንዱ ነው። ደን ባለሙያው እዚህ ሲደርስ ጉልበቱ ታደሰ፤ በየቁጥቋጦው ሥር እየተንበረከከ ችግኝ ይፈልጋል። ሜዳው ላይ ብቻውን የበቀለ የወይራ ችግኝ የለም፤ ወፍ ፍሬውን በልታ ቁጥቋጦ ላይ ስታርፍ የምትጥለው ዘር ነው እሾህ ከፍየል፣ ጥላ ከፀሐይ የሚጠብቅለት። «ቁጥቋጦውን 'ጫካ አይደለም' ብለው ሲመነጥሩት የወይራውን አልጋ ነው የሚያነሡት» አለን።

ክርክሩ የተነሣው እዚያ ነው። ደን ባለሙያው የሽማግሌው ገመድ ወደ ታች የሄደው ይህ ተዳፋት ስለተራቆተ ነው አለ። ዝናቡ ሰርጎ እንደመግባት እየጠረገ ይወርዳል፤ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ተራራውን ካልተከለ የሌላ ሰው ቁጠባ ነው የሚያወጣው። መሐንዲሱ ፊቱ ቀላ። የሽማግሌው ጉድጓድ የላይኛው ውኃ ነው፣ የመስኖው ጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ ሌላ ንብርብር ነው፤ ሁለቱን ማገናኘት ቀላል አይደለም አለ። ደግሞም እነዚያ ፓምፖች ባይኖሩ እዚያ ሜዳ ላይ ስንት ቤት በተዘጋ ነበር? «አንተ ዛፍ ትቆጥራለህ፤ እኔ የቆጠርኩት እራት ነው» አለው። ሁለቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው፤ ግን እስከ ኮረም አልተነጋገሩም።

እኔ እንደማስበው ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ግን ማስረጃ የላቸውም። አራት ምሩቃን፣ አንድ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የሥራ ልምድ፤ ውኃው ስንት ክንድ እንደወረደ በእጃችን ያለው አንድ የቃጫ ገመድ ብቻ ነበር።

ኮረም አደርን። ስለ ኮረም ብዙ አልልም። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን ለቢቢሲ የቀረጹት የዚያ ሜዳ ላይ ሕዝብ ነበር፤ የእኔ ዘመዶች እዚያ ነበሩ። ነጋዴው ሌሊቱን ከድንኳኑ ወጥቶ ሲቀመጥ አየሁት፤ አልጠየቅሁትም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አሸንጌ ደረስን። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዙሪያው ተራራ ነው፤ የሚገባ እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዳሩ ረግረግና ሣር ነው፤ ከብት እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይግጣል። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎች ውኃውን አጥቁረውታል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ ሲያፈገፍግ የነበረው ሠራዊት በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ የተጨፈጨፈው በዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። አንድ እረኛ ልጅ ዳክዬዎቹን ሲያስቆጥረን ዋለ፤ እሱ ከደን ባለሙያው ይሻላል።

ሳሩ ላይ ተኝተን ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ተናግሮ ያወጣው መሐንዲሱ ነው። «ሐረማያም እንደዚህ ነበር» አለ። ነበር። እኛ ተማሪ ሳለን ከመኝታ ቤታችን ወጥተን ሐይቁ ዳር እንቀመጥ ነበር። ለሐረር ከተማ ይሳብ ነበር፤ ለጫትና ለአትክልት ይሳብ ነበር፤ ከየኮረብታው ደለል ይገባ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ሐረር ከድሬዳዋ በኩል በቱቦ ውኃ ማምጣት ግድ ሆነባት፤ የሐይቁ ወለል ላይ ጫት ተተከለ። የእርሻ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ! አሁን በቅርብ ዓመታት ውኃው መልሶ ሲተኛ አይተናል፤ ተመስገን።

ከጉዟችን ወዲህ ያ አገር ብዙ አይቷል። በ2008 ድርቁ መጣ። ከ2013 እስከ 2015 ጦርነቱ ተመላለሰበት፤ በጦርነት ዘመን ደግሞ እንጨት የሚቆጥር የለም። የወሰኑን ጉዳይ ለባለቤቱ ልተወው። በድርቁ ዓመት ለሽማግሌው ደውዬ ነበር። «አብሽር ልጄ፣ አለን» አሉኝ፤ ገመዱ አልደርስ ብሎ ሌላ ቀጥለውበታል። አሁን እሳቸው የሉም። ገመዱ በልጃቸው እጅ ነው፤ ጦርነቱ ባለፈ በመስከረሙም ቋጥሮታል።

ለዚህ ነው ዛሬ የቆምኩት። ማኅበራችን ለመታሰቢያ ሐውልት ያጠራቀመው ገንዘብ አለ። ያቀረብኩት ሐሳብ ከሱ ላይ ተቀንሶ በቆቦ ሜዳ አሥር የእጅ ጉድጓዶች እንዲመረጡ፣ በየአካባቢው ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየወሩ ውኃውን እንዲለኩ፣ መዝገቡ በትምህርት ቤቱና በእኛ ዘንድ በሁለት ቅጂ እንዲቀመጥ ነው። የሚያስፈልገው የመለኪያ ሜትር፣ ደብተርና ለአስተባባሪ መምህር ትንሽ አበል ነው። መሐንዲሱና ደን ባለሙያው በአንድ ወረቀት ላይ ፈርመውበታል፤ ይኼ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። በጀቱን ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ። ከምሳ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ 4ኛው አጀንዳ ነው፤ እባካችሁ ከምሳ በኋላ አትጥፉ። የሜትሮቹን ዋጋ ነጋዴው እችላለሁ ብሏል፤ ሰምታችኋል፣ ምስክር ናችሁ።