ስለ አሮጌ ብዕር አስተራረም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



የመረጥነው ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ስለ ብዕር ጫፍ ነውና። ነገር ግን በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ የአያቶቻችን ብዕር ተኝቶ ይገኛል። ቀለሙ በሆዱ ደርቋል፤ ቢሞሉትም ወረቀት ይቧጭራል። እኛም ለዚህ በዓል በተዘጋጀው መዝገብ ላይ ስማችንን በእነዚህ ብዕሮች ለመጻፍ አስበን፣ አምስቱን ሰብስበን ማረም ጀመርን። አራቱ ዳኑ፤ አንዱን ግን እኛው አበላሸነው። ስለ ሁለቱም ነገር እንነግራችኋለን።

አስቀድሞ ስለ ብዕር ጠባይ ጥቂት እንበል። ቃሉ «ብርዕ» ከሚለው ግዕዝ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መቃ ማለት ነው። በብራና የሚጽፉ አባቶቻችን የመቃውን ጫፍ በካራ ቀርጸው መካከሉን ይሰነጥቁታል፤ ቀለሙም በስንጥቁ ይወርዳል። ፋብሪካ የሠራው ብዕርም የሚጽፈው በዚሁ ጥበብ ነው፤ ልዩነቱ ቀለሙን በሆዱ መያዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን ቀለሙ በልክ እንዲወርድ፣ በምትኩም አየር እንዲገባ የሚያደርግ መተላለፊያ ሠርቶ የባለቤትነት መብት አገኘ። በ1941 ደግሞ ጫፉ በክዳን ውስጥ የተሸሸገው ፓርከር 51 ለገበያ ወጣ። ከ1950 ወዲህ ርካሹ ቢክ እየተስፋፋ ሲሄድ የቀለም ብዕር ቀስ በቀስ ወደ ሣጥን ገባ።

ለእኛ ፊደል የጫፉ ነገር ይበልጥ ያስፈልጋል። የላቲን ፊደል ተያይዞ ሊጻፍ ይችላል፤ የእኛ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ስለ ሆነ ብዕሩ በአንድ መሥመር ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም ያርፋል። ባረፈ ቁጥር ቀለሙ ወዲያው ካልመጣ ትንሿ ምልክት ትቀራለች፤ «መሬቱ» ብለን የጻፍነው «መሬተ» ሆኖ ይነበባል።

እንግዲህ አስተራረሙ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ማጠብ ነው። ብዕሩ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ይነከራል፤ ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስም ይለወጣል። የፈላ ውኃና አልኮል አካሉን ሊያበላሹት ስለሚችሉ አይነኩም። የአምቦ ውኃ ለሰው ሆድ መልካም ነው፤ ለብዕር ግን አይሆንም፤ ማዕድኑ ሲደርቅ ቀጭኑን መንገድ ሊደፍን ይችላልና። እኛ የዝናም ውኃ አጠራቅመን ተጠቀምን። ከአምስቱ ሁለቱ በመታጠብ ብቻ ዳኑ።

ሁለተኛው ማየት ነው። ጫፉን ወደ ዓይን አዙሮ በአጉሊ መነጽር ሲመለከቱት ሁለቱ ጥርሶች እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከፍ ካለ መቧጨሩ ከዚያ ነው። ከፍ ያለውን በአውራ ጣት ጥፍር ቀስ ብሎ ወደ ታች መጫን፣ ከዚያም እንደ ገና ማየት ይገባል። አንድ ጊዜ በኃይል ከመጫን አሥር ጊዜ በቀስታ መጫን ይሻላል። ሦስተኛው ብዕራችን በዚህ ዳነ።

ሦስተኛው ስንጥቁ ነው። እጅግ ከጠበበ ቀለም አይወርድም፤ እጅግ ከሰፋም ቀለሙ ከጫፉ አይደርስም፤ ፈሳሽን የሚስበው ቀጭን መንገድ ነውና። የጠበበውን ወረቀት በመሰለ ስስ የናስ ቅጠል ቀስ ብሎ መጥረግ ይቻላል። ምላጭ ግን ወርቁን ስለሚፍቅ አይገባበትም።

ማለስለስ የመጨረሻው ነው። በጫፉ ላይ ያለችው ነጥብ ወርቅ አይደለችም፤ የኢሪዲየም ወገን የሆነ ጠንካራ ብረት ናት። ካለቀች በቀላሉ አትመለስም። ስለዚህ ቁጥሩ 12,000 በሆነ እጅግ በላመ ማለስለሻ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ እየጻፉ መሞከር ነው እንጂ መሞረድ አይገባም።

ይህን ያወቅነው ግን ካጠፋን በኋላ ነው። አራተኛው ብዕር የአንድ ጓደኛችን አያት ለመንደሩ ሰው ማመልከቻ ሲጽፉበት የኖሩት ነበር። ሳናጥብና ሳናይ፣ ይቧጭራል ብለን በሞረድ አሸነው። ነጥቧ አለቀች፤ ብዕሩም ከቀድሞው ይልቅ ወረቀት የሚቀድ ሆነ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው በእኛ ደረሰ። ለአዛውንቱ ለመናገር ሁለት ቀን ፈራን። በሦስተኛው ቀን ሄደን ብንነግራቸው ብዕሩን ተቀብለው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ልጆቼ፤ የጻፍሁበት ነገርስ ተፈጽሟል። እናንተ ግን ከመንካታችሁ በፊት ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ አምስተኛውን ስናነሣ አስቀድመን ጠየቅን። የዚህ ብዕር ጫፍ በአንድ ወገን ተበልቶ ነበር፤ ባለቤቱ ሟች አያት ብዕሩን አጋድመው ይጽፉ ነበርና። ጥርሶቹ እኩል ናቸው፤ ስንጥቁም ደኅና ነው። ለእኛ እጅ እንዲመች ብናለሰልሰው ሃምሳ ዓመት የሠራውን የእርሳቸውን እጅ ከጫፉ ላይ መፋቃችን ነው። ከመካከላችን «ብዕር ለመጻፍ ነው እንጂ ለመታሰቢያ አይደለም» ያለ ነበር፤ እውነትም አለው። በመጨረሻ ግን የልጅ ልጃቸው ብዕሩን እንደ እርሳቸው አጋድሞ ያዘው፤ ያን ጊዜ ሳይቧጭር ጻፈ። የለወጥነው ብዕሩን ሳይሆን አያያዛችንን ነው። በቢክ የለመደ እጅ ወረቀቱን እንደሚጫን፣ የቀለም ብዕር ግን በራሱ ክብደት እንደሚጽፍ በዚሁ ተማርን።

ታናናሾቻችን ሆይ፤ ከእኛ ስሕተት ትምህርት ውሰዱ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቀጥሎ እጠቡ፤ ከዚያ ተመልከቱ፤ መሞረድን ተዉት። ወላጆቻችን ሆይ፤ በሣጥናችሁ የተኛ ብዕር ካለ አውጡት፤ የማን እንደ ነበረና ምን እንደ ተጻፈበትም ለልጆቻችሁ ንገሩ። መዝገቡ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አራቱም ብዕሮች ቀለም ሞልተው ይጠብቋችኋል። የተበላሸውም በአዛውንቱ ፈቃድ ከአጠገባቸው ተቀምጧል፤ አይጽፍም፤ ነገር ግን እንድታዩት እንወዳለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።