የኮርማው ዘር ጥራትና የላሚቱ መያዝ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



ምርጥ ዘር ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ስንዴና ወደ በቆሎ ነው። አርሶ አደሩ የበቆሎ ዘር ሲገዛ ከረጢቱን አገላብጦ ያያል፣ ዘሩ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከተጠራጠረም ጥቂት ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መብቀል አለመብቀሉን ይሞክራል። ያው አርሶ አደር ላሙን ሲያስጠቃ ግን ስለ ዘሩ አንድም ጥያቄ አያነሳም። ኮርማ ከሆነ ኮርማ ነው፣ ከዘለለ በቃ ይባላል። ዛሬ የሚነገረው ስለዚህ ስላልተጠየቀው ዘር ነው። ጉዳዩ በአደባባይ ሲነሳ አንዳንዱን ፈገግ ያሰኛል። ፈገግታው አይከፋም፤ ኪሳራው ግን የሚያስቅ አይደለም።

አንዲት ላም ሦስት ጊዜ ተጠቅታ ሳትይዝ ስትቀር በየመንደሩ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። «መካን ናት» ትባልና ለሥጋ ትሸጣለች። በብድር የተገዛች ድቅል ላም ከሆነች ላሚቱ ትሄዳለች፣ ዕዳው ይቀራል። በእርግጥ ጥፋቱ ከላሚቱ ወገን የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። መኖ ያነሳት፣ ከወለደች በኋላ ማህፀኗ የቆሰለ ወይም በጥጃዋ መጥባት ምክንያት ፍላጎቷ የዘገየ ላም በቀላሉ አትይዝም። ነገር ግን ጥጃ የሁለት ወገን ሥራ ነው። ኮርማው ሳይመረመር በላሚቱ ላይ የተሰጠ ፍርድ ግማሽ ፍርድ ነው። በሰው ቤትም ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሴቷ ነው፤ ሐኪሞች ግን ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ እንዳለበት ይናገራሉ። እሱ የጤና ጣቢያ ጉዳይ ስለሆነ ወደ በረቱ መመለስ ይሻላል።

ላም ካልያዘች ተመልሳ ኮርማ የምትፈልገው በአማካይ በ21 ቀን ነው። ሦስት ጊዜ ተጠቅታ ሳትይዝ ቀረች ማለት 63 ቀን ባከነ ማለት ነው። በቀን 8 ሊትር የምትታለብ ድቅል ላም ብትሆን 63 ቀን በ8 ሲባዛ 504 ሊትር ወተት ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚዘገየው ጥጃ ሳይታሰብ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ለመሆኑ ጥሩ ዘር የሚባለው ምን ዓይነት ነው? አንድ ጤነኛ ኮርማ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ገደማ የዘር ፈሳሽ ይሰጣል። በአንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ የወንዴ ዘር ይገኛል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ምንም ማለት አይደለም። ዘሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወደፊት መዋኘት አለበት፤ ባለበት የሚሽከረከር ወይም የሚንቀጠቀጥ እንቁላሉ ዘንድ አይደርስም። ቅርጹም ይታያል። ጅራቱ የተጠቀለለ፣ ጭንቅላቱ የተጣመመ፣ አንገቱ የተቆረጠ በበዛ ቁጥር የመያዝ ዕድል ይቀንሳል። በብዙ አገር የእንስሳት ሐኪሞች አንድን ኮርማ ለእርባታ ብቁ ነው የሚሉት ቢያንስ ከመቶ 70 እጁ ዘር ቅርጹ የተስተካከለ፣ ከመቶ 30 እጁ ደግሞ ወደፊት የሚዋኝ ሆኖ ሲገኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። አንገቱ የወፈረ፣ ሻኛው የቆመ፣ ላም ባየ ቁጥር የሚያገሳ ኮርማ ዘሩም ጥሩ ይመስላል። ፍላጎትና የዘር ጥራት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲዘል የሚውል ኮርማ ዘሩ ሙት ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሊታይ ከሚችለው ነገር ሁሉ የተሻለ ምልክት የሚሰጠው የቆለጡ መጠን ነው። ቆለጡ ትልቅ፣ ሁለቱም እኩል፣ ሲዳሰስ ጠንከር ያለና የማያመው ሊሆን ይገባል። የዙሪያው ልክ በሜትር ይለካል። ለውጭ ዝርያዎች ሁለት ዓመት ለሞላው ኮርማ ዝቅተኛው 34 ሴንቲ ሜትር ነው። የአገራችን ከብት በአካሉ ስለሚያንስ ይህን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ በአንድ ዕድሜ ያሉ ወይፈኖችን እርስ በርስ ማወዳደር ይበቃል። ሌላም ጥቅም አለው። ቆለጡ ትልቅ የሆነ ኮርማ የሚወልዳቸው ጊደሮች ቶሎ ለጥቂ የሚደርሱ መሆናቸው በጥናት የታወቀ ነው።

ቆለጥ ከሰውነት ውጪ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። የከብት የሰውነት ሙቀት 38.5 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ዘር የሚሠራው ከዚህ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ በሚያንስ ቦታ ነው። ሲበርድ ወደ ሰውነቱ ይሰበሰባል፣ ሲሞቅ ይወርዳል። ስለዚህ ኮርማው በአፍተግር ወይም በሌላ በሽታ ሲያተኩስ፣ ጥላ በሌለበት ፀሐይ ላይ ታስሮ ሲውል ወይም መዥገር ቆለጡን ሲያቆስለው ዘሩ ይበላሻል። በቆላው አካባቢ ገንዲም እንዲሁ ያደርጋል።

አርሶ አደሩን የሚያታልለው ደግሞ ጊዜው ነው። አንድ የኮርማ ዘር ተሠርቶ ለማለቅ 61 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ በቱቦው ውስጥ አልፎ እስኪበስልም ተጨማሪ 10 ቀን ገደማ ያስፈልገዋል። በድምሩ ከሁለት ወር በላይ ነው። ዛሬ ታሞ በሳምንቱ የዳነ ኮርማ ከዳነ በኋላም ለሁለት ወር ያህል ደካማ ዘር ሊሰጥ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሕመሙን ማንም አያስታውሰውም። በአንድ ሰሞን የተጠቁ የአምስትና የስድስት አባወራ ላሞች ሳይዙ ሲቀሩ ወሬው ስለ ቡዳና ስለ መጥፎ ዓይን ይሆናል። በዚያው ስሌት ኮርማ የሚቀለበው የጥቂ ወቅት ሲደርስ ሳይሆን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ፣ አረንጓዴ መኖ፣ ጨው ያገኘ እንደሆነ ውጤቱ የሚታየው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከመጠን በላይ ማወፈርም ጥሩ አይደለም፤ በቆለጡ አንገት ላይ ስብ ሲከማች ሙቀቱ አይወጣም።

የኮርማ አመራረጣችን ነገር ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። በመንደሩ ውስጥ ፈጣኑና ግዙፉ ወይፈን ገና በጠዋቱ ይኮላሻል፤ ለእርሻ ይፈለጋላ። ሳይኮላሽ በመንጋው ውስጥ የሚቀረው ለቀንበር ያልታጨው ነው። የመንደሩን ላሞች ሁሉ የሚያስረግዘው እንግዲህ እሱ ነው። ይህ ልማድ ለዘመናት ሲደረግ የኖረ በመሆኑ ማንንም ለመውቀስ አያስችልም፤ ከዚህ የባሰ አመራረጥ ግን ቢፈለግም አይገኝም። በዚህ ላይ ያ አንድ ኮርማ ለአራትና ለአምስት ዓመት እዚያው ከቆየ የገዛ ልጆቹን ያጠቃል። የደረሰ ኮርማ በአንድ ወቅት ከ20 እስከ 30 ላም ይበቃዋል፤ ገና ሁለት ዓመት ያልዘለለው ወይፈን ከ10 እስከ 15 ቢሆን ይሻላል። ከዚህ ሲያልፍ ዘሩ ይቀጥናል።

የወል ኮርማ በሽታም ያዛምታል። ብሩሴሎሲስ ላሟን በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ያስወርዳታል፤ በጥሬ ወተትና በተወረደው ጽንስ አማካይነትም ወደ ሰው ይተላለፋል። ትሪኮሞናስ የሚባለው በሽታ ያለበት ኮርማ ደግሞ ምንም አይታይበትም። ይበላል፣ ይሰባል፣ ይዘላል። ላሞቹ ግን ይዘው የነበረው በትንሽነቱ ይሞትና ከወርም ከሁለት ወርም በኋላ ኮርማ ፈልገው ይመለሳሉ። ኮርማ በጋራ ከመግዛት ወይም ከመከራየት በፊት ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስዶ ማስመርመር የሚገባው ስለዚህ ነው።

ሰው ሠራሽ የማዳቀል አገልግሎት ከዚህ ችግር አብዛኛውን ያስቀራል። አገልግሎቱ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ያለው ዝምድና ለዚህ በዓል የሚስማማ ታሪክ አለው። በ1936 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ አገር ሳምሶ በምትባል ደሴት ላይ የወተት ገበሬዎች ተደራጅተው የመጀመሪያውን የአዳቃዮች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ሥራውን የመራው ሶረንሰን የተባለ ሐኪም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 1,070 ላሞች ተመዘገቡ፤ ከመቶ 59ኙ ያዙ። ይህም በዚያው መንጋ ውስጥ በኮርማ ከተገኘው በትንሹ የበለጠ ነበር። ዛሬ ዘር የሚታሸግባት ቀጭን ቀሰም፣ ስትሮ የምትባለው፣ የመጣችውም ከእነሱ ነው። መጀመሪያ የሞከሩት በአጃ አገዳ ነበር። በኋላ ሶረንሰን በልጁ የልደት በዓል ላይ ልጆች መጠጥ የሚመጡበትን ቀሰም አይቶ ሐሳቡን ከዚያ አገኘ ይባላል። ዘሩ በርዶ ሳይሞት የመቆየቱ ጥበብ የተገኘው ደግሞ በእንግሊዝ አገር በ1949 እ.ኤ.አ. ግሊሰሪን ሲጨመርበት ነው።

በእኛ በኩል ሥራው በአሥመራ በ1938 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በጦርነቱ ተቋረጠ። በ1967 እ.ኤ.አ. በአርሲ በጭላሎ በስዊድን እርዳታ በሚካሄደው ፕሮጀክት ሥር ለአርሶ አደሩ መሰጠት ጀመረ፤ በኋላም በቃሊቲ ብሔራዊ ማዕከል ተቋቋመለት። በማዕከል ደረጃ የሚሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ከኮርማው የተቀዳው ዘር ወዲያው በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ በእንቁላል አስኳል በተሠራ ፈሳሽ ይበረዛል፣ በስትሮ ታሽጎ ይቀዘቅዛል። ከቀዘቀዘ በኋላም ናሙናው ቀልጦ እንደገና ይታያል፤ በቂው ዘር ካልዋኘ ሙሉው ይጣላል። ከአንድ ኮርማ 5 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ በሚሊ ሊትሩ አንድ ቢሊዮን ቢኖርና በየስትሮው 20 ሚሊዮን ቢገባ 250 ስትሮ ይወጣዋል። በጥቂ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ለአንዲት ላም ነበር። ልዩነቱ ኮርማው ዘሩን የሚያፈሰው ከማህፀኑ በር ውጪ ሲሆን ቴክኒሻኑ ግን በሩን አልፎ ማስቀመጡ ነው።

እንግዲህ ከማዕከሉ ጥሩ ሆኖ የወጣ ዘር ላሚቱ ዘንድ ሙት ሆኖ ሊደርስ ይችላል። አባላት ይህን ሳይረዱ «መርፌው አይሠራም» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው። ዘሩ የሚኖረው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ናይትሮጅኑ በየቀኑ ይተናል። በየሳምንቱ በእንጨት ማስመሪያ ካልተለካ፣ ሲጎድልም ካልተሞላ በዕቃው ውስጥ ያለው በሙሉ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ስትሮው ያው ስትሮ ነው። አንዷን ለማውጣት ሲባል ሌሎቹን ከዕቃው አፍ በላይ አንሥቶ ማቆየት እንኳ ይጎዳቸዋል። የቀለጠ ዘር ተመልሶ አይቀዘቅዝም። ማቅለጫው ከ35 እስከ 37 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ነው፤ ለ30 ወይም ለ45 ሴኮንድ። በኪስ ወይም በብብት ማቅለጥ ሥራ ማበላሸት ነው። ቴክኒሻኑ ሲመጣ ባለቤቱ ለብ ያለ ውኃ አዘጋጅቶ ቢጠብቀውና ቴርሞሜትሩን ቢጠይቀው ነውር የለበትም።

የቀረው ሰዓቱ ነው። የወንዴ ዘር በማህፀን ውስጥ በሕይወት የሚቆየው አንድ ቀን ገደማ ነው፤ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የሚቆየው ደግሞ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። እንቁላሉ የሚወጣው ፍላጎቷ ካለፈ ከ10 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ጠዋት የታየባት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ዋናው ምልክት ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ ቀጥ ብላ መቆሟ ነው። የአገራችን ላም ፍላጎቷ አጭር ነው፤ ሌሊት ጀምሮ ሌሊት የሚያልቅበት ጊዜም አለ። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ በረቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ይህን የምታየው የቤቱ እመቤት ወይም ጠባቂው ልጅ ስለሆነ ሥልጠናው ለአባወራው ብቻ መሰጠቱ ትክክል አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በልዩ ልዩ አካባቢዎች ላሞችን በሆርሞን በአንድ ሰሞን እንዲፈልጉ እያደረጉ ማዳቀል ተለምዷል። መርፌው ፍላጎትን ያመጣል እንጂ ሙት ዘርን አያስነሣም። የናይትሮጅኑ ዕቃ ባዶ ከሆነ መቶ ላም በአንድ ቀን ማሰባሰብ መቶ ላም በአንድ ቀን ማክሰር ነው።

ለኃላፊዎችም አንድ ነገር አለ። የቴክኒሻን ሥራ በተዳቀለው ላም ቁጥር ብቻ ሲለካ ሪፖርቱ ያምራል፣ ጥጃው ይጠፋል። መለኪያው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ተመርምረው መያዛቸው የተረጋገጠ ላሞች ቁጥር ቢሆን ይሻላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው በየመሠረታዊ ማኅበሩ የሚቀመጥ አንድ ደብተር ነው። የባለቤቱ ስም፣ ላሚቱ፣ የተጠቃችበት ቀንና ሰዓት፣ የኮርማው መለያ ወይም በስትሮው ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ያዳቀለው ቴክኒሻን፣ ተመልሳ ከፈለገችም ቀኑ ይጻፍበታል። አንዲት ላም ብቻ በተለያየ ኮርማ ዘር ደጋግማ ካልያዘች ችግሩ ከእሷ ነው፤ ትመርመር። የአንድ ኮርማ ቁጥር የያዙ መስመሮች ሁሉ «ተመለሰች» የሚል ከተጻፈባቸው ያ ኮርማ ይታገድ። በአንድ ወር ውስጥ የተዳቀሉት ሁሉ፣ የየትኛውም ኮርማ ዘር ቢሆን፣ ከተመለሱ ደግሞ መጀመሪያ መከፈት ያለበት የናይትሮጅኑ ዕቃ ነው።