የታኅሣሥ ቁርና የገና ዶሮ

(ድምፅ፦ የገና ዱላ ሩር ሲመታ)

አቅራቢ፦ የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት ታኅሣሥ 12 አካባቢ ነው። ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ የምትታየው ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ለምድር ወገብ የሚቀርቡት ቢቸናና ሞጣ ግን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ብርሃን አላቸው።

ቁሩ ግን ቀልድ አይደለም፤ ጋቢ ያስደርባል።

ሞቅ ያለው የገና ድግስ የሚመጣው ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ነው። ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም ይፈታል። ከሌሊቱ ቅዳሴ መልስ ሽንኩርቱ በደንብ ቁሌት የሆነለት፣ ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ በጤፍ እንጀራ ይቀርባል፤ ጠላውም ይቀዳል።

ከዚያ ወንዶቹ ሜዳ ይወጣሉ። ሁለት ቡድን ሆነው በቆልማማ ዱላ ሩር የተባለችውን ኳስ ያሳድዳሉ። ድሮ ጌታና ሎሌ አብረው ይጫወቱ ነበር፤ በጨዋታው የተነካ ጌታም አይቆጣም ነበር፣ ቢያመውም!