ሳይቃጠል በቅጠል፦ የአሮጌ መኪና የኤሌክትሪክ ጥገና በቆላ አገር



መተማ ሲነሣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በቅድሚያ የሚያስታውሰው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁበትን የጦር ሜዳ ነው። የተሽከርካሪ ሙያ ያለው ሰው ግን ስለዚሁ ስፍራ ሌላም ነገር ያስባል፤ ይኸውም ሙቀቱን ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውሃ፣ ከዚያም ወደ መተማ ዮሐንስ የሚጓዝ መኪና ወደ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት በዚያ ቆላ የጥላው ሙቀት ብቻ 40 ዲግሪ ሳንቲግሬድን ያልፋል። በደጋ ከተማ የተሠራና ለዓመታት ያለ ችግር ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጥገና እዚህ ሲደርስ ለምን እንደሚጨስ ማስረዳት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ መኪና የሰሊጥና የጥጥ ማሳ ባልደረባ ነው። ሠራተኛ ያመላልሳል፤ ውሃ ይቀዳል፤ ምርት ያነሣል። የሚበዙት መኪናዎች ዕድሜያቸው የገፋ ሲሆን ሠልጥኖ የወጣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያለበት ጋራዥ ከማሳው ሩቅ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ወይም ሾፌሩ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዞ በግቢው ውስጥ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ራሱ ይጠግናል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። የውሳኔዎቹ ጥቅምና ጉዳት እዚህ አይመዘንም። አሮጌው መኪና በባለቤቱ እጅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ፣ የግቢ ጥገናም እንደሚበዛ ግን መገመት አያዳግትም። በመሆኑም «ወደ ጋራዥ ውሰደው» ብሎ መገሠጽ ለዚህ ሰው መልስ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ አንድ ባለመኪና ይታሰብ። የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው፤ ሥራው ሌሊትም አይቆምም። የአሮጌው ፒካፕ የፊት መብራት ደክሟልና ሰውየው ከሱቅ ሁለት ባለ 100 ዋት ተጨማሪ መብራቶች፣ ለቤት መብራት የሚያገለግል 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይገዛል። ሽቦውን ከባትሪው አዎንታዊ ምሰሶ ላይ አስሮ፣ በሞተሩ አጠገብ አሳልፎ፣ በብረቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። መብራቱ ይበራል፤ ሰውየውም ይደሰታል። በሦስተኛው ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሰውየው በድንጋጤ ሽቦውን በእጁ ቦጭቆ ይጥላል፤ መዳፉም ይቃጠላል። ጭሱ ሲቆም «ፈጣሪ አተረፈን» ይላል፤ በማግስቱም የቀለጠውን ቦታ በፕላስተር ጠቅልሎ ጉዞውን ይቀጥላል።

የዚህ ሰው የመጀመሪያ ስሕተት 12 ቮልትን መናቁ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው 220 ቮልት ሰው ይገድላልና ይፈራል። የመኪናው 12 ቮልት ግን እጅ አይነዝርም፤ የማይነዝር ነገር የማያቃጥል ይመስላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ባለ 100 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ግማሽ አምፔር እንኳ አይወስድም፤ በ12 ቮልት ግን ከ8 አምፔር በላይ ይወስዳል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በአምፔሩ ስኩዌር መጠን ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ ያው 100 ዋት በመኪና ውስጥ የሚፈጥረው ሙቀት በቤት ውስጥ ከሚፈጥረው ከ330 እጥፍ በላይ ይሆናል። የሰውየው ሁለት መብራቶች በአንድነት የሚወስዱት ወደ 17 አምፔር ሲሆን፣ የገዛው ሽቦ በቤት ውስጥ እንኳ የሚፈቀድለት 6 አምፔር ያህል ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ፊውዝ አለማስገባቱ ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ የተሠራው መብራቱን ወይም ራዲዮኑን ለመጠበቅ ይመስለዋል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ሳይግል እርሱ ቀድሞ ይበጠስ ዘንድ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ መተላለፊያ ነው። በእርግጥ በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ የሞተሪኖው፣ የዲናሞውና የማቀጣጠያው መስመሮች ከፋብሪካም ሲወጡ ፊውዝ አልነበራቸውም። ስለዚህ ያሉትን ጥቂት ፊውዞች ማክበር ግዴታ ይሆናል። ነገር ግን በተበጠሰ ፊውዝ ምትክ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም የመዳብ ሽቦ ማስገባት የተለመደ ነው። ዌልሳዊው መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር መሠረት 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ የሚቀልጠው ወደ 80 አምፔር ሲደርስ ነው። በ10 አምፔር ፊውዝ ምትክ እርሱን ያስገባ ሰው ዘበኛውን አስወጥቶ ሐውልት አቁሟል ማለት ነው።

ፊውዝ የሌለው ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ ማለት ኮንታክት ቢፈጥር፣ ምን እንደሚሆን በሒሳብ ማየት ይቻላል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው እንቅፋት፣ ማለትም ሬዚስታንሱ፣ ከ0.1 ኦም በታች ነው። ጤናማ ባትሪ በዚህ ሽቦ ውስጥ ከ100 አምፔር በላይ ሊልክ ይችላል። ያን ጊዜ ሽቦው በሦስት ሴኮንድ ገደማ ውስጥ የ200 ዲግሪ ጭማሪ ያሳያል። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው የፕላስቲክ ሽፋን በዚህ ሙቀት ቀልጦ ይጨሳል፤ ጭሱም ሳንባ የሚጎዳ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ትነት አለበት። የጎረቤት ሽቦዎችም ሽፋናቸው አብሮ ይቀልጣልና አንዱ ኮንታክት አሥር ይሆናል።

አሁን ወደ ቆላው ሙቀት እንመለስ፤ የነገሩ እምብርት ይህ ነውና። ተራ የቤት ሽቦ ሽፋን እንዲቋቋም የተወሰነለት ከፍተኛ ሙቀት 70 ዲግሪ ነው። የሽቦው የመሸከም አቅም የሚለካውም አየሩ 30 ዲግሪ ነው በሚል መነሻ ነው። በ30 ዲግሪ 10 አምፔር የሚሸከም ሽቦ በ50 ዲግሪ የሚሸከመው 7 አምፔር ብቻ ነው፤ በ60 ዲግሪ 5 አምፔር፤ በ70 ዲግሪ ደግሞ ምንም። በጎንደር ቀዝቃዛ ሌሊት ብዙ ርቀት ሳይጓዝ የሚቆም መኪና ለዚህ ሽቦ የተወሰነ ፋታ ይሰጠዋል። በመተማ ግን ከኮፈኑ ውጭ ያለው አየር ራሱ 40 ዲግሪ ሲሆን፣ በሞተሩ አጠገብ ያለው አየር 70 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል። እዚያ የተዘረጋ የቤት ሽቦ አንድ አምፔር ሳይተላለፍበት በፊት አቅሙን ጨርሷል። ከዚህም ሌላ ሞንትሲንገር የተባለው መሐንዲስ በ1930 እ.ኤ.አ. ስለ ትራንስፎርመር ሽፋን ባሳየው መንገድ፣ ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪዎች በጨመረ ቁጥር የሽፋን ዕድሜ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ደንቡ ለሁሉም ዓይነት ሽፋን በትክክል የሚሠራ ባይሆንም፣ በቆላ የኖረ አሮጌ መኪና ሽቦው ደርቆ ሲታጠፍ ለምን እንደሚሰነጠቅ ያስረዳል።

ፊውዝ ሁሉን የሚያይ ዘበኛ አይደለም። የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ አምፔሩን አይጨምርምና ፊውዙ አያውቀውም። መጋጠሚያው 0.1 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረውና 20 አምፔር ቢያልፍበት በዚያች ጠባብ ቦታ 40 ዋት ሙቀት ይፈጠራል፤ ይህም የራዲዮ ጠጋኝ የቆርቆሮ መበየጃ ካውያ የሚሰጠው ሙቀት ነው። እንደዚሁም ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የመሬት ማሰሪያ፣ ሞተር ወርዶ ሲገጠም ተረስቶ የቀረ እንደሆነ፣ የሞተሪኖው ብርቱ ጉልበት ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ የነዳጅ ፔዳሉን ቀጭን የብረት ገመድ መንገድ አድርጎ እስኪግል ድረስ ያሞቀዋል። ሾፌሩ ጭሱን አይቶ ሽቦ ሲፈልግ ይውላል፤ ጥፋቱ ያለው ግን በተረሳው ማሰሪያ ላይ ነው።

ቁልፍ መንቀልም ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም። በአገራችን እጅግ የታወቀችው የድሮዋ ቮልስዋገን ባትሪዋ ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የባትሪው መሸፈኛ ጠፍቶ ከባድ ሰው ቢቀመጥ የመቀመጫው ስፕሪንግ ሁለቱን ምሰሶዎች ሊያገናኝና ጭዱን ሊያቀጣጥል ይችላል። በአሜሪካም የፎርድ ኩባንያ ከ1999 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ወደ 14 ሚሊዮን የሚሆኑ መኪናዎችን ለእርማት የጠራው፣ ሞተር ጠፍቶም ኤሌክትሪክ የማይለየው አንድ አነስተኛ ማብሪያ የፍሬን ዘይት እየገባበት እሳት ሊያስነሣ በመቻሉ ነው። ከባትሪው በቀጥታ የተሳበ ሽቦ ባለቤቱ ቢተኛም አይተኛም። መኪናው የሚያድረው በሣር ክዳን ቤት ጥግ፣ ቤንዚን በተሞላ ጀሪካን አጠገብ ከሆነ፣ አደጋው የመኪና ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የሥራ ደንብ ጥቂት ነው። ማናቸውም የኤሌክትሪክ ጥገና ከመጀመሩ በፊት የባትሪው አሉታዊ ምሰሶ ይፈታ፤ ሲመለስም መጨረሻ ይታሰር። አሉታዊው ቀድሞ የተፈታ እንደሆነ አዎንታዊውን የሚፈታው መፍቻ አካሉን ቢነካ እንኳ እሳት አይረጭም። ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጂን ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው መጠን ሲቀላቀል የሚፈነዳ ስለሆነ፣ ሲጋራና ፋኖስ ከአጠገቡ ይራቁ። አዲስ መስመር የተዘረጋ እንደሆነ ፊውዙ ከባትሪው አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና። ሽቦው ለመኪና የተሠራ፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደና 105 ዲግሪ የሚችል ይሁን፤ ድፍኑ የቤት ሽቦ በኮረኮንች መንገድ ንዝረት ይሰበራል። ለእነዚያ ሁለት መብራቶች 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ አንድ ሪሌና የ20 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጥቂት አምፔር የሚወስዱ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶችን መግጠም ነው። በብረት ቀዳዳ የሚያልፍ ሽቦ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይደረግለት።

ጭስ የታየ እንደሆነስ? መኪናው ይቁም፤ ቁልፉ ይጥፋ፤ ሰው ሁሉ ይውረድ። ነበልባል ከሌለና ባትሪው በቀላሉ የሚደረስበት ከሆነ አሉታዊው ማሰሪያ ይፈታ፤ ምንጩ ካልተቋረጠ የጠፋው እሳት ተመልሶ ይነሣልና። የጋለ ሽቦ በባዶ እጅ አይያዝ። በኮፈኑ ሥር ነበልባል ካለ ኮፈኑ ብርግድ ተደርጎ አይከፈት፤ አየር ያገኘ እሳት ይባባሳል። በጠባቡ ክፍተት የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ይነፋ፤ ቤንዚን በሚነድበት ላይ ውሃ አይደፋ። እሳቱ ወደ ነዳጁ የቀረበ እንደሆነ ግን መኪናው ይተው፤ ብረት ይተካል፣ ሰው አይተካም።

በመጨረሻም ወደዚያ ባለመኪና መመለስ ተገቢ ነው። የእርሱ ትልቁ ስሕተት ቀጭን ሽቦ መግዛቱ አይደለም፤ ይህንን የነገረው ሰው አልነበረምና። ትልቁ ስሕተት የጭሱን ድንጋጤ እንዳለፈ አደጋ መቁጠሩ ነው። አንድ ጊዜ የቀለጠ ሽፋን ጤናው አይመለስም፤ የተበጠሰ ፊውዝም፣ የተቃጠለ ሽታም፣ የጋለ ማብሪያም ሽቦው ለባለቤቱ የሚልከው መልእክት ነው። መልእክቱን አንብቦ መንሥኤውን የሚፈልግ ሰው መኪናውን ያተርፋል፤ በፕላስተር የሚሸፍነው ግን ቀጠሮውን አራዘመ እንጂ አላፈረሰም።

መልእክቱን የሚነበብ ማድረግ ደግሞ የሙያው ባለቤቶች ድርሻ ነው። የሽቦን ውፍረት ከአምፔርና ከቆላ ሙቀት ጋር የሚያዛምድ፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው፣ በመለዋወጫ ሱቁና በነዳጅ ማደያው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ በገንዳ ውሃም ሆነ በአብደራፊ በግቢው የሚጠግነው ሰው ከሱቅ ሳይወጣ ትክክለኛውን ሽቦ ይመርጣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የማኅበሩ አባላት እውቀት መድረስ ያለበት ጭሱ ከመታየቱ በፊት ነው።